ከራስ ቅል እስከ እጅ አንጓ፦ የአንዱሉሱ ሐኪም አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ

የሙስሊም ሐኪሞች ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን ኢብኑ ሲናና አር-ራዚ ናቸው። ስለ አቡልቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) ግን በእኛ ዘንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲዘዋወር እናያለን፤ የቀዶ ሕክምና አባት ናቸው ይባልና ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ምን እንዳከሙ፣ በሽተኛውን እንዴት እንደመረመሩ፣ የትኛው ትምህርታቸው ዛሬም እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ የሚነግረን የለም። እኛም ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ አንጨርሰውም። የምናተኩረው በአንጎል፣ በነርቭና በእጅ ላይ ስለሚደርሱ ጉዳቶች በጻፉት ላይ ነው፤ ከቤታችንና ከመንደራችን ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ይኸው ስለሆነ።

ከሕይወታቸው የሚታወቀው ጥቂት ነው። ኸሊፋው ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ936 ከቆርዶባ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መዲነቱ-ዘህራእ የምትባል የቤተ መንግሥት ከተማ ማሠራት ጀመሩ። አዝ-ዘህራዊ የሚለው መጠሪያ ከዚህች ከተማ የመጣ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ልደታቸውን በዚያው ዓመት አካባቢ ያደርጉታል። አል-አንሷሪ ተብለውም ይጠራሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ከመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ ለማሳየት። የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1013 (በ404 ሂጅራ) ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ማን እንዳስተማራቸው፣ ማንን እንዳገቡ፣ ስንት ልጆች እንዳሏቸው የተጻፈ ነገር አልተረፈልንም። የዚያው የቆርዶባ ልጅ የሆኑት ታላቁ ዓሊም ኢብኑ ሐዝም በዓይናቸው እንዳዩአቸው መስክረው ኪታባቸውን አወድሰዋል። ከዚያ በኋላ አል-ሑመይዲ በአንዱሉስ ዑለማዎች ታሪክ ውስጥ በአጭሩ አነሷቸው። ከዚህ የበለጠ የሕይወት ታሪካቸውን የሚፈልግ ሰው የጻፉትን ኪታብ ከማንበብ ሌላ መንገድ የለውም።

ያ ኪታብ «አት-ተስሪፍ» ይባላል። ሐምሳ ዓመት ያህል ካከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ ያጠናቀቁት፣ 30 ክፍሎች ያሉት ግዙፍ ሥራ ነው። አብዛኛው ስለ መድኃኒት ቅመማና ስለ አመጋገብ ነው የሚያወራው። ስማቸውን ያስጠራው ግን የመጨረሻው፣ 30ኛው ክፍል ነው። እርሱም በሦስት ተከፍሏል፤ መጀመሪያ በጋለ ብረት ስለ መተኮስ፣ ቀጥሎ ስለ መቅደድና ስለ መስፋት፣ በመጨረሻም ስለ ስብራትና ስለ ውልቃት። በውስጡ 200 ገደማ የሕክምና መሣሪያዎች ከነሥዕላቸው ቀርበዋል። ተማሪዎቻቸውን ልጆቼ እያሉ ነው የሚያስተምሩት፤ ይህን ያደረጉበት ምክንያትም ከመግቢያው ግልጽ ነው።

በመግቢያው ላይ በዘመናቸውና በአገራቸው የእጅ ሕክምና እውቀት ሊጠፋ እንደደረሰ በሐዘን ይናገራሉ። የሰውን አካል አሠራር፣ የአጥንቱን ቅርጽ፣ የነርቩንና የደም ሥሩን መንገድ ያላወቀ ሰው ቢላዋ ባነሳ ቁጥር ነፍስ እንደሚያጠፋ ያስረዳሉ። ለዚህም ያዩትን ይጠቅሳሉ። አንድ አላዋቂ ሐኪም በሴት አንገት ላይ ያበጠ እጢ ሲቀድ የደም ሥር ቆርጦባት እዚያው ፊቱ ወድቃ ሞተች። ሌላው ከሽማግሌ ፊኛ ትልቅ ጠጠር ሲያወጣ ከፊኛው ቁራጭ አብሮ አወጣ፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን አለፈ። አዝ-ዘህራዊ ያንን ሽማግሌ አስቀድመው አይተውት ነበር፤ ከጠጠሩ ትልቅነትና ከሰውየው ሁኔታ ተነስተው ለማከም ፈቃደኛ አልሆኑም።

ከሁሉም ይልቅ እኛን ያስቆመን የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ጃንደረባ ነበር። እግሩ ከተረከዙ አቅራቢያ ተሰበረ፤ ስብራቱም ቁስል ነበረው። በገዢው ደሞዝ የሚተዳደር አንድ ሐኪም ስብራቱን ከነቁስሉ በጨርቅና በእንጨት ጥርቅም አድርጎ አሰረው፤ ቁስሉ የሚተነፍስበት ቀዳዳ እንኳ አልተወለትም። ከዚያም ለቀናት እንዳይፈታ አዞ ሄደ። እግሩ እስከ ላይ አብጦ ልጁ ሊሞት ሲቃረብ አዝ-ዘህራዊ ተጠሩ። ቸኩለው ማሰሪያውን ፈቱት፤ ሕመሙም ረገብ አለ። ነገር ግን ሥጋው መሞት ጀምሮ ነበርና ሊያስቆሙት አልቻሉም። እየተስፋፋ ሄዶ ልጁን ገደለው።

ይህ የሆነው ከሺህ ዓመት በፊት በአንዱሉስ ነው። በአገራችን ግን ዛሬም እየሆነ ነው። በየሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እጅ ወይም እግር ሞቶ የሚቆረጥበት ልጅ መምጣቱ አልቀረም። ወጌሻን በጅምላ መንቀፋችን አይደለም፤ ውልቃትን በደቂቃ የሚመልሱ፣ የማይችሉትን ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት የሚልኩ አዋቂዎች አሉ። በመምህርነት በነበርንባቸው ዓመታት ግን ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የታሰረለት ተማሪ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ አብጠውና ጠቁረው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይተናል። ማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። አልሐምዱሊላህ እጁ አልተቆረጠም፤ ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀርተዋል።

አዝ-ዘህራዊ ስለ ስብራት በጻፉት ክፍል ውስጥ የታሰረውን አካል ደጋግሞ ማየት እንደሚገባ አጥብቀው ያስተምራሉ። ማሰሪያው ሲጠብቅ ወደ አካሉ የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ አካሉ ይከሳል፣ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ማላላት ግድ ነው ይላሉ። የዛሬ ሐኪምም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ በተለይ ጣት ሲዘረጋ የማይቻል ከሆነ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀዩ ቀለም ቶሎ ካልተመለሰ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት መፈታት አለበት፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ነርቭና ጡንቻ ያለ ደም የሚቆዩት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። እስኪነጋ እንጠብቅ ማለት አይሠራም።

ወደ እጅ አንጓ እንምጣ። አዝ-ዘህራዊ የእጅ አንጓ ውልቃት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም፣ ለመመለስም ከሌሎች መገጣጠሚያዎች የሚቀል መሆኑን ይገልጻሉ። ነገር ግን ሳያብጥ፣ በወለቀበት ሰዓት መመለስ አለበት። አሠራሩን ሲያሳዩ የበሽተኛው አንጓ ጣውላ ላይ ይደረጋል፤ አንድ ረዳት እጁን ይስባል፤ ሐኪሙ ደግሞ መዳፉን ባበጠው ቦታ ላይ አድርጎ እስኪገባ ድረስ ይጫነዋል። ከዚያ ለአምስት ቀን ያህል ይታሰርና ይፈታል፤ በሽተኛውም እጁን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ግትር ካለ በሙቅ ውሃ እየታጠበና እየታሸ እስኪፍታታ ድረስ ይለማመዳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዛሬ ፊዚዮቴራፒ የምንለውን ሥራ ማሰሪያው በተፈታ ማግሥት ነው የሚያስጀምሩት።

ቀጥሎ የሚሉት ደግሞ እውነተኛ ሐኪም መሆናቸውን ያሳየናል። ውልቃቱ ሳይመለስ ቀናት ካለፉ አንጓው እንደተጣመመ ይቀራል። ከዚህም ጋር እጁ ዝሎ ምንም ነገር መጨበጥ ካቃተው ነርቮቹ ተቆርጠዋል ወይም ተቀጥቅጠዋል ማለት ነው። ለዚህ በጋለ ብረት መተኮስን ይጠቅሱና እርሱም ላይጠቅም እንደሚችል ሳይደብቁ ይናገራሉ። አጥንቱን ከነርቩ ለይቶ ማየት፣ የእጁንም ዕጣ በመጨበጥ ችሎታው መለካት ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። አጥብቆ አስሮ ይድናል ብሎ ገንዘብ መቀበል ይቀል ነበር።

አንጓን ካነሳን አይቀር ሳናወራ የማናልፈው አለ። ዛሬ ብዙዎችን በተለይም እህቶቻችንን የሚያስቸግረው ውልቃት ሳይሆን በአንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ መጨናነቅ ነው። ካርፓል ተነል ይባላል። ሊጥ ማሸት፣ ልብስ በእጅ ማጠብና መጭመቅ ለሚያበዙ፣ በዓረብ አገራት ቤት ውስጥ ለሚሠሩ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለስኳር ሕሙማን ቅርብ ነው። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣት፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ይብሳል፤ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁን ያራግባል። ትንሿ ጣት ግን አትነካም። መጀመሪያ ላይ ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ድጋፍ መተኛትና ሥራውን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይረዳል። የአውራ ጣት ሥር ሥጋ መክሳት ከጀመረ ወይም ዕቃ ከእጅ የሚወድቅ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት፤ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ነርቩ ይላቀቃል። አዝ-ዘህራዊ ይህን በሽታ በስሙ አላወቁትም፤ ድንዛዜን በተመለከተ ያስቀመጡት መርሕ ግን ከዚህ ሩቅ አይደለም። የደነዘዘ አካል ሲያጋጥም ሕክምናው ያለው እዚያው አካል ላይ ብቻ አይደለም ብለው ያስተምራሉ፤ ያንን አካል የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከጀርባ አጥንት የሚወጣበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። የነርቮችን መውጫ ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ደግሞ እጁን እንዳያስገባ ያስጠነቅቃሉ።

ይህንኑ እውቀት በአከርካሪ ስብራት ላይ ሲጠቀሙበት እናያቸዋለን። አንገቱ ወይም ጀርባው የተሰበረ ሰው ሲመጣላቸው የሚያዩት በመጀመሪያ እጆቹን ነው። እጆቹ ዝለው፣ ደንዝዘው፣ መዘርጋትና መጨበጥ ካቃታቸው፣ ቢቆነጠጡ ወይም በመርፌ ቢወጉ የማይሰማቸው ከሆነ ጉዳቱ ሕብለ ሰረሰሩ ጋ ደርሷል፤ ብዙውን ጊዜም አይተርፍም። እጆቹን ካንቀሳቀሰና የመርፌው ጫፍ ከተሰማው ግን ሕብለ ሰረሰሩ ደህና ነው፤ አጥንቱ ይታከማል። ጉዳቱ ወደ ታች ከሆነ ተመሳሳዩን ምርመራ በእግሮቹ ላይ ያደርጋሉ፤ ሽንትና ሰገራውን መቆጣጠር መቻሉንም ይጠይቃሉ። ዛሬ የመኪና አደጋ ደርሶበት ድንገተኛ ክፍል የገባን ሰው ሐኪሙ የሚያየው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ይንቀሳቀሳል? ይሰማዋል? ሽንቱን ይቆጣጠራል? ኤምአርአይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመንገዳችን ላይ አደጋ በዝቷልና አንድ ነገር እንጨምር። የተጎዳውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ማንጠልጠል ያልተጎዳውን ሕብለ ሰረሰር ሊቆርጠው ይችላል። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር አንገቱ ሳይጣመም፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ በብዙ ሰው እጅ ነው መነሳት ያለበት።

የራስ ቅል ስብራትን በሚመለከት አዝ-ዘህራዊ በመጀመሪያ የሚያስተምሩት መተውን ነው። ስብራቱ የአንጎሉን ልባስ ካገኘው፣ በሽተኛውም ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አእምሮውን ከሳተ፣ ድምፁ ከጠፋ፣ ከባድ ትኩሳት ካለውና ዓይኖቹ ከፈጠጡ ሐኪሙ እንዲሸሽ ይመክራሉ። እነዚያ ምልክቶች ዛሬም በጭንቅላት ጉዳት ላይ የሚፈሩት ናቸው፤ ልዩነቱ ዛሬ ሲታዩ የሚሸሸው በሽተኛ የለም፣ በፍጥነት ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። መዳን ይችላል ብለው ላሰቡት ደግሞ የተሰባበረውን አጥንት የሚያነሱበት ዘዴ አላቸው። በስብራቱ ዙሪያ በመሰርሰሪያ ተራ በተራ ይበሳሉ፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን አጥንት ቆርጠው ቁራጩን በቀስታ ያነሳሉ። መሰርሰሪያው ወደ ውስጥ ዘልቆ አንጎልን እንዳይወጋ ከጫፉ ከፍ ብሎ ክብ ከንፈር ተደርጎለታል፤ አጥንቱን በስቶ እንዳለፈ ከንፈሩ ይይዘዋል። የሰው ራስ ቅል ውፍረቱ ስለሚለያይ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው መሰርሰሪያዎች እንዲዘጋጁም ያዛሉ። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ያለው መሰርሰሪያ በኤሌክትሪክ ይሠራ ይሆናል፤ እንዳይሰምጥ የሚከለክለው ሐሳብ ግን ያው ነው።

የሕፃናት ጭንቅላት ውሃ ሲቋጥር የጻፉትን ስናነብ ልባችን ይነካል። ብዙውን ጊዜ በወሊድ ጊዜ አዋላጇ ጭንቅላቱን አጥብቃ ስትይዘው፣ አንዳንዴም በማይታወቅ ድብቅ ምክንያት እንደሚመጣ ይገልጻሉ። ስለ አንድ ሕፃንም ይተርካሉ። ጭንቅላቱ በየቀኑ እያደገ ሄዶ ከክብደቱ የተነሳ መቀመጥ እስኪያቅተው ደረሰ፤ ውሃውም እየጨመረ መጣና ሞተ። ያዩአቸው ሕፃናት ሁሉ ስለሞቱባቸው ቀዶ ሕክምናውን መተው እንደመረጡ ይናገራሉ። ዛሬ ይህን ሕፃን ብዙ ጊዜ ማዳን ይቻላል። ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በአገራችንም ይገጠማል። ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ የሚያድግ፣ እርግቡ የሚያብጥ፣ ዓይኑ ወደ ታች የሚያይ ሕፃን ካለ ከሰው ዓይን ደብቆ ቤት ማስቀመጥ በልጁ ላይ መፍረድ ነው። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ መውሰድም ይህን ከሚያስከትሉ የጀርባ አጥንት ክፍተቶች ይከላከላል።

አሁን ወደ ማንስማማበት እንሂድ። አዝ-ዘህራዊ ብዙ የአንጎልና የነርቭ በሽታዎችን በጋለ ብረት በመተኮስ ያክሙ ነበር፤ ራስ ምታትን፣ መርሳትን፣ የግማሽ አካል ሽባነትን፣ የሚጥል በሽታን፣ የፊት መጣመምን። እንደ ዘመኑ ሐኪሞች ሁሉ በሽታ የሚመጣው ከደም፣ ከአክታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ሐሞት መዛባት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለማይለቅ ማይግሬን በግንባሩ ጎን ላይ ቆዳውን ሰንጥቀው አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከሥር ያስገቡና ለ15 ሰዓት ያቆዩታል። በምን መተኮስ ይሻላል በሚለው ጉዳይ ላይ እንኳ ከወርቅ ይልቅ ብረትን ይመርጣሉ፤ የወርቅ ግለት በዓይን አይለይም ብለው። ታላቅ ዓሊም ስለተናገረው ብቻ ይህን በሰው ገላ ላይ ዛሬ መሞከር አይገባም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መተኮስን እንደማይወዱ በሐዲሥ ተላልፏል፤ ደሙ አልቆም ያለውን ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝን (ረ.ዐ) ደግሞ እንደተኮሱት ተዘግቧል። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ ሌላ መንገድ እያለ የተጠላ፣ ሲያስገድድ ግን የተፈቀደ ነው ይላሉ። ለእነዚህ በሽታዎች ዛሬ ሌላ መንገድ ስላለ የሚያስገድድ ነገር የለም።

ከዚያ ሁሉ መሐል ግን የፊት መጣመምን ሲያስረዱ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። የሚተኮሰው የተጣመመው ጎን ሳይሆን ተቃራኒው ነው ይላሉ፤ የዛለው ደህና የሚመስለው ጎን ነውና። ሕክምናው ስህተት ነው፣ ዕይታው ግን ትክክል ነው። ፊት ሲጣመም አፍን ወደ ራሱ የሚጎትተው ጤነኛው ጎን ነው፤ በሽታው ያለው ለስላሳና ዝም ባለው በኩል ነው። ዛሬ ሐኪም ግንባርን አጨማድ ብሎ ያዛል። የአንዱ ጎን ግንባር ጭምር ካልተጨማደደና ዓይን ካልተከደነ ችግሩ የፊት ነርቭ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ግንባሩ እየተጨማደደ አፍ ብቻ ከተጣመመ፣ በተለይ እጅ ከዛለና አንደበት ከተያዘ ስትሮክ ነው ተብሎ ይፈራል። ይህን ቤት ተቀምጦ መወሰን ግን አይቻልም። ምች መታው ብሎ ቅጠል ማሸት ስትሮክ ላይ እያንዳንዱን ደቂቃ አንጎል ያስከፍላል።

የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ ግጥም አድርጎ መያዝ አይጠቅምም፤ ይጎዳል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ እንዳይጋጭ ለስላሳ ነገር አድርጎ መጠበቅ ነው። ከ5 ደቂቃ ከበለጠ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ሩቅያ የሚያደርግ ያድርግ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ያስነሳው መንቀጥቀጥ ከቀድሞው ይከፋል።

አዝ-ዘህራዊ እውቀታቸውን ከየት እንዳገኙት አልሸሸጉም። የቀደምት ሊቃውንትን መጻሕፍት በረጅም ጊዜ ንባብ እንደተረዱ፣ ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተግባር እንደፈተኑት ይገልጻሉ። ከግሪኮቹ በተለይ ከጳውሎስ ዘኤጊና ብዙ ወስደዋል። ሁሉን ነገር የጀመሩት እርሳቸው ናቸው የሚለው በየገጹ የሚለጠፈው ሙገሳ ስለዚህ አይጠቅማቸውም። ያነበቡትን በእጃቸው መመዘናቸው፣ ያልተሳካላቸውንም መጻፋቸው ለእኛ ይበልጥብናል።

የመጨረሻ ዓመታቸው መልካም አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1009 ጀምሮ በአንዱሉስ ፊትና ተቀሰቀሰ። መዲነቱ-ዘህራእ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ በ1013 ደግሞ ቆርዶባ ራሷ ተወረረች። ኪታባቸው ግን ተረፈ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄራርድ ዘክሬሞና የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በቶሌዶ ወደ ላቲን መለሰው፤ በ1497 በቬኒስ ታተመ። በ1465 ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ የተባሉ የአናቶሊያ ሐኪም በቱርክኛ አዘጋጅተው ሐኪሙና በሽተኛው በቀለም ተሥለው የሚታዩበት መጽሐፍ አደረጉት። ዐረብኛው ከላቲን ትርጉም ጋር በኦክስፎርድ የታተመው በ1778 ነው።

መዲነቱ-ዘህራእ በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። ከከተማይቱ እስካሁን ተቆፍሮ የወጣው አንድ አሥረኛ ያህሉ ነው፤ የቀረው ከአፈሩ ሥር እንዳለ ነው።